የአራተኛው በር ጉርሻ

አስካለ ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ምላሷን በሎሚ ማጠብ ነው። የሰው አስተያየት የሚቀመስ ነገር ከሆነ ወዲህ፣ የትናንቱ ጨዋታ ጣዕም ከዛሬው ጋር እንዳይደባለቅ ንጹሕ ምላስ የግድ ነው።

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈው የጨዋታ ፋብሪካ፣ ተጫዋች "ወደድኩት፣ ጠላሁት" ብሎ መጻፉ ከቀረ ቆይቷል። ላንቃው ላይ ስስ ልባድ ይለጥፋል፤ ልባዱ የተሰማውን ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ጠማቂ የሚሉት ማሽን ደግሞ የሺዎችን ስሜት ጠምቆ አንድ ጠብታ ያደርገዋል። ደስታ ይጣፍጣል፣ ፍርሃት ይኮመጥጣል፣ ንዴት ይመራል። አስካለ ቀማሽ ናት። እሷ ቀምሳ "ይለፍ" ያላለችው ጨዋታ ገበያ ላይ አይውልም።

አንድ ዕለት ማለዳ "ሰባቱ በሮች" የተባለ አዲስ የጀብዱ ጨዋታ ለሙከራ ተጫዋቾች ተለቀቀ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እሰይ የሚያሰኙ ነበሩ። ፈረሱ፣ ጎራዴው፣ ገደል ለገደል መዝለሉ፣ ሁሉም ጣፋጭ። የአራተኛው በር ጠብታ ምላሷን ሲነካ ግን "እትፍ!" ብላ ተፋችው።

"ምን ጉድ ነው? የሞተ አይጥ ነው እንዴ ያቀመሳችሁኝ?"

ኃላፊዋ አቶ ልዑልሰገድ እየሮጡ መጡ። "ጠማቂው ተበላሽቶ ይሆናል" አሉ። ጠማቂው ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ። ጠብታው ያው ግም ነው።

"እንግዲያውስ ራሴ ገብቼ ልየው" አለችና የጨዋታውን መነጽር አጠለቀች።

አራተኛውን በር የሚጠብቀው ጎራዴ የማይቆርጠው፣ ቀስት የማይበሳው ሽማግሌ ነው። እንግዳ ሲያይ አይዋጋም። "መሽቶብሃል፤ ግባ ልጄ" ብሎ ማዕድ አቀረበ። አብረው ቆረሱ። ከዚያ አየር ላይ ትእዛዝ ተጻፈ፦ "አጉርሰው።" አጎረሰችው። ሽማግሌው መርቆ "በቃኝ" አለ። ሁለተኛ ትእዛዝ መጣ፦ "አንድ ጉርሻ ያጣላል በለው። እምቢ ካለ፣ በሞቴ በለው። መርዙ ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነው።"

"በሞቴ" ሲባል ሽማግሌው ሳቀና አፉን ከፈተ።

አስካለ መነጽሩን አውልቃ ወረወረችው። "ማነው ይህን የጻፈ?"

"ማንም አልጻፈውም፤ ደራሲው ማሽን ነው" አሉ አቶ ልዑልሰገድ። "ጎራዴ የማይቆርጠው ሰው ሳይጠረጥር እንዴት ይሞታል ብለን ጠየቅነው። የኛን ሠርግና የኛን ምሳ ሲያይ ከርሞ ይህን አመጣ። መቼም ብልህ ነው።"

"ብልህ? ነውረኛ ነው እንጂ! የለየለት ጠላት ቢሆንስ፣ በሞቴ እያሉ መርዝ ማጉረስ ምን የሚሉት ነው?"

"ጨዋታ እኮ ነው፣ አስካለ። ደግሞ መላ አለው። ልባዱ ስሜት መላክ ብቻ ሳይሆን መቀበልም ይችላል። ሲያጎርሱ ትንሽ የማር ጣዕም ብንልክላቸው ማቅለሽለሹ ይጠፋል። ያንቺን ፈቃድ ብቻ ነው የምንጠብቀው።"

"እኔ በቁሜ ማር አልጨምርበትም። በሩ ይውጣ!"

አቶ ልዑልሰገድ ጥቂት አሰቡ። "እሺ። ጠብታው እስከ ማታ እንደዚሁ ከገማ በሩን አወጣዋለሁ። ከጣፈጠ ግን ይለፍ ትያለሽ።"

"ተስማምተናል" አለች። ሰው ሰው ነው፤ ይህን እንዴት አድርጎ ይወደዋል?

ቀትር ላይ ቀመሰች፤ ገማ። ግም ነገር ቀምሶ "ተመስገን" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አስካለ አለች። ከሰዓት በኋላ ግን ግማቱ ቀለል ብሎ፣ የዋለ ወተት የሚመስል ሆነ። ማታ የመጣው ጠብታ ጣፈጣት። ደጋግማ ቀመሰችው። ማር ማር ይላል።

"ማሩን ማን ጨመረ?" ብላ ጮኸች።

"ማንም" አሉ አቶ ልዑልሰገድ፤ የማሩ ጣዕም የሚላክበትን ጠርሙስ እንደታሸገ አሳዩዋት። እሳቸውም ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም። "ደጋግመው ሲጫወቱት ለመዱት። ሰው አይደል?"

ቃሏን ሰጥታለችና "ይለፍ" አለች። ምላሷን ሦስቴ በሎሚ አጥባ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሙከራ ተጫዋቾቹ አንዷ የሆነችው ልጇ ብሩክታዊት እራት አቅርባ ትጠብቃት ነበር። "እማዬ፣ ሰባተኛው በር ደረስኩ!"

"አራተኛውንስ?"

"እሱማ መጀመሪያ አስታውኮኝ ነበር። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው" ብላ ሳቀች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ጠቅልላ እናቷን አጎረሰቻት። አስካለ በግድ ዋጠችው። ልጅቷ ሁለተኛውን ጠቀለለች።

"በቃኝ፣ የኔ ልጅ።"

"አንድ ጉርሻ ያጣላል! በሞቴ፣ እማዬ!"

አስካለ አፏን ከፈተች። ዓይኗን ግን ከልጇ እጅ ላይ አላነሳችም።