መነጽሩና ተርቧ

ተርቧ መጣች። እናኑ በሆዷ ተኝታ፣ ክርኖቿን እርጥቡ አፈር ላይ ተክላ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ከዚሩ፣ ከትልቁ የሸክላ ውኃ ጋን ሥር፣ ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ባራሰው መሬት ላይ ተርቧ ቀጭን ወገቧን አጥፋ ጭቃዋን ማድቦልቦል ጀመረች። የጠዋቷ ፀሐይ በአጥሩ ጭራሮ መሐል ሾልካ ክንፏ ላይ አርፋለች። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ግራ ብትዞር...

«እናኑ! መነጽሬን አላየሽም?»

ተርቧ ብር ብላ ሄደች።

«ኤጭ!» አለች እናኑ በጥርሶቿ መሐል። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አላየሁም አባባ!»

«ኸላስ፣ በቃ ሄደች» አለች ራዲያ እየሳቀች። ራዲያ የጎረቤት ልጅ ናት። የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳን ይዛ፣ የፀሐይዋን ብርሃን ጥላ ወዳለበት ትመልሳለች። «አያትሽ ከተርቧ ጋር ጠብ አለባቸው?»

«ዝም በይ! ትመለሳለች።»

መነጽሩ ካሜራው አፍ ላይ በላስቲክ ታስሯል። ከመምህሯ ከኡስታዝ በድሩ የተዋሰችው ካሜራ ከክንድ የቀረበ ነገር አያይም፤ የአያቷ የንባብ መነጽር ሲጋረድበት ግን ጉንዳን ዶሮ አክሎ ይታያል። እናኑ ይህን ያገኘችው በአጋጣሚ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አራት ቀን ሙሉ ሲነጋ ትወስደዋለች፣ ስትጨርስ እቤት ውስጥ የትም ጣል ታደርገዋለች።

መጠየቅ አልቻለችም። አያቷ ወልደ ማርያም ጠዋት ጠዋት ዳዊት ይደግማሉ። የዕለቱን ሳያደርሱ እህል በአፋቸው አይዞርም። ከስድስት ዓመት በፊት ከደርግ ሸሽተው መተማን ሲሻገሩ በአንዱ ትከሻቸው የያዙት እናኑን ነው፤ በሌላው ግን ዳዊታቸውን ነበር። «በቃልዎ ያውቁት የለም እንዴ?» ብላቸው ታውቃለች። «ዓይን ፊደሉን ካላየ ልብ ይቀላውጣል» ነበር መልሳቸው። የሱዳኗ ገዳሪፍ ፀሐይም አታዝንም፤ ሁለት ሰዓት ካለፈ ሁሉን ነገር ነጭ አድርጋ ታቃጥለዋለች። ሁለቱም የሚፈልጉት ያችኑ አንዲት ሰዓት ነው።

ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነበር። ኡስታዝ በድሩ በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ፊልሙን ይዞ ካርቱም ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አምስት ነፍሳት ያነሳ ተማሪ ሥራ ብቻ ነው። እናኑ አምስት አንስታ ጨርሳ ነበር፤ አምስተኛው ሸረሪት ሆነና ነው እንጂ። «ስምንት እግር ቆጥረሽ ነፍሳት ትይኛለሽ?» ብሎ ስትነግረው ስቆባታል ኡስታዝ። ፊልሙ ላይ የቀረው አንድ ፎቶ ነው።

የጎጆው በር ተንጓጓ። እናኑ ነጠላዋን ካሜራው ላይ ጣል አደረገች።

አያቷ በሩን ተደግፈው ዓይናቸውን አጨንቁረው ቆሙ። «ማናት እሷ? ራዲያ ናት?»

«እኔ ነኝ አባባ። እንዴት አደሩ?»

«ትናንት ማታ ቤታችን የገባሽው አንቺ ነሽ። መነጽሬን የት አደረግሽው?»

«ወላሂ አልነካሁም!»

«ታዲያ እግር አውጥቶ ሄደ?» ወደ አጥሩ ዞረው ጮኹ። «አንቺ ባፈና! የልጅሽን እጅ ሰብስቢ!»

ራዲያ ነጠላውን አየች። ከዚያ እናኑን አየች። እናኑ የነጠላውን ጠርዝ ካሜራው ላይ ይበልጥ ሳበች። ራዲያ ክዳኑን አፈሩ ላይ አስቀምጣ፣ ልብሷን አራግፋ ወጣች። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የእናቷ ቁጣ ተሰማ።

አያቷ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ‘እነግራቸዋለሁ’ አለች እናኑ በልቧ። ‘ይህችን አንዲት ብቻ ላንሳና እነግራቸዋለሁ።’ ነጠላውን ገፍፋ እንደገና በሆዷ ተኛች። ሰው ሁሉ ለምንድን ነው ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ የሚጮኸው? አንድ ደቂቃ ዝም ቢሉ ምን አለበት?

ተርቧ ተመለሰች። አረፈች። ወደ ግራ ዞረች።

ከጎጆው ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ። አያቷ ዳዊቱን እንደተዘጋ ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«ሰኞ ከትራሴ ሥር። ማክሰኞ መስኮቱ ላይ። ትናንት... የማሽላው ጆንያ ላይ። ጆንያ ላይ ምን ልሠራ አስቀመጥኩት?» የዳዊቱን ሽፋን ዳበሱ። «አባቴንም የጀመረው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ዕቃ ጠፋው፤ ኋላ የእኛ ስም ጠፋው።»

የእናኑ ጣት ከካሜራው ላይ ተነሣ። ላስቲኩን ፈታች፣ መነጽሩን በቀሚሷ ጠረገችና ገባች።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት አባባ። ለፎቶው ብዬ። ራዲያ አልነካችም።»

እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ፤ ጨበጡት እንጂ ዓይናቸው ላይ አላደረጉትም።

«ትናንትም አንቺ ነሽ?»

«አራቱንም ቀን።»

«ጆንያው ላይ ያስቀመጥሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ተመስገን!» አሉ። ትከሻቸው ሸክም እንዳወረደ ሰው ዝቅ አለ። ከዚያ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ሰክተው በደንብ አዩዋት፤ ፊታቸው ጠቆረ። «አሁን ከፊቴ ጥፊ! እኔን አእምሮዬን ሳስስ አስከርመሽ፣ የሰውን ልጅ ሌባ አስብለሽ! ሂጂ ከዚህ!»

ወጣች። ተርቧ አሁንም እዚያው ናት፤ ብርሃኑም ገና አልከረረም። ያለ መነጽሩ ግን ካሜራው ጭቃውን እንኳ ለይቶ አያሳያትም። እናኑ ካሜራውን አንስታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችና በአጥሩ በር ወጣች። ወደ ግራ የሚወስደው መንገድ ወደ ኡስታዝ በድሩ ቤት ነው። ወደ ቀኝ ታጠፈች።

የራዲያ እናት በሩን የከፈቱት እጃቸው ሳሙና እንደሆነ ነው። ከኋላቸው ራዲያ ሳፋው ላይ አጎንብሳለች፤ ቀና አላለችም።

«ራዲያ ዛሬ ከቤት አትወጣም» አሉ።

«የመጣሁት እርስዎ ዘንድ ነው፣ እትዬ ባፈና፤ መነጽሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች እናኑ፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉት አያቷም እስኪሰሙ ድረስ ድምጿን ከፍ አድርጋ።