ያልተሳቀባቸው ሁለት ምዕራፎች

ጉትቻ ሠሪዋ ግራ ጉንጯን በሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አሳርፋ ሞታ ተገኘች። ፊቷ ላይ የመታገል ምልክት አልነበረም። ከፊቷ አንድ ጥንድ ጉትቻ፣ ከክንዷ ሥር አንድ የሚያስቅ የፍቅር ልቦለድ ነበር። ሳቋ ሦስት ግድግዳ ዘልቆ የጎረቤት ሕፃን የሚቀሰቅስ ሴት ዝም ስትል ሠፈሩ በሙሉ፣ ውሻው ሳይቀር፣ ድምፁን አጠፋ። አልዋሽም፤ የግድግዳው ሰዓት ራሱ ያፈረ ይመስል ነበር።

እንደ እሷ ያለ ጉትቻ የሚሠራ ከሰማይ በታች አልነበረም። ካለም እኔ አልሰማሁም፤ እኔ ያልሰማሁት ደግሞ የለም። በግራ ጆሮ ድመት፣ በቀኝ ጆሮ አሣ። በግራ መሰላል፣ በቀኝ ጨረቃ። ከቀጭን እንጨትና ከተሰበረ ዚፕ ሠርታ ያሳቀቻቸው ሴቶች ቢሰለፉ ከተማውን ሁለት ጊዜ ይዞሩት ነበር።

አስም ነበረባት። የሚነፋው መድኃኒቷ ራሷ ከቢጫ ክር በሠራቻት፣ ሎሚ በምትመስል ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ ከአንገቷ ይንጠለጠላል። በዚያን ቀን ግን ሎሚዋ በሩ አጠገብ፣ ለሽያጭ ከተሰቀሉት ጌጦች መሀል ተሰቅላ ነበር። ሐኪሙ ትንፋሽ አጥሯት እንደሞተች ተናገረ፤ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ።

ጉዳዩ የተሰጣት መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት፣ አጭርና ዝምተኛ ሴት ነበረች። አንዴ ያየችውን ክፍል ከሃያ ዓመት በኋላ ስትጠየቅ የዝንቦቹን ቁጥር ሳይቀር ትናገራለች። መጀመሪያ የጠራችው ሬሳውን ያገኘችውን ታናሽ እህት ነው። ልጅቷ በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ መጽሐፍ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች።

«ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«ስድስት ሰዓት። በዘጠኝ እመለሳለሁ ብያት ነበር።»

«ስንት ሰዓት ተመለስሽ?»

«አሥራ አንድ ላይ።» መጽሐፉን ይበልጥ ጨበጠችው። «የልቦለዱ ሁለተኛ ክፍል ወጣ ሲሉኝ ላስደስታት ብዬ ሦስት መጻሕፍት ቤት ዞርኩ። እታለም እዚህ ትንፋሽ ሲያጥራት እኔ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።»

«ስትወጪ ጉትቻዎቹ እንዴት ነበሩ?»

«ዣንጥላና የዝናብ ጠብታ። ሁለቱም ተቆርጠዋል፣ ቀለም ግን አልነካቸውም።»

አሁን ዣንጥላው ቀይ ተቀብቶ፣ መንጠቆው ገብቶለት አልቋል። ጠብታው ባዶ እንጨት ነው።

መርማሪዋ ልቦለዱን ገለጠች። የዕልባቱ ክር ምዕራፍ አሥራ ሁለት መጨረሻ ላይ ነበር። «በየጠርዙ ያለው የእርሳስ ነጥብ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «እሷ ስትሠራ እኔ አነብላታለሁ። ሁለታችንም የሳቅንበት ቦታ ሁለት ነጥብ፣ አንዳችን ብቻ ከሳቅን አንድ። ስወጣ ምዕራፍ አሥርን ጨርሰን ነበር። ሳንገናኝ ላናነብ ተማምለናል፤ ግን ይኸው... ጠብቃኝ ጠብቃኝ ሲሰለቻት ብቻዋን ቀጠለች።»

እጮኛዋ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጥርሱን ነክሶ ነው የመለሰው። ጎረቤት በዘጠኝ ሰዓት በሩ ላይ አይቶታል።

«መምጣትህን ለምን ደበቅኸኝ?»

«አንኳኳሁ፣ አልመለሰችም። ከትናንት ተኳርፈን ስለነበር ዛሬም አኩርፋለች ብዬ ሄድኩ። በሩን ገፋ ባደርገው ኖሮ...»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሚቀጥለው ወር ተጋብተን ሌላ ከተማ ልንገባ ነበር። ጌጧን ለምትሸጥላት ጓደኛዋ ንገሪያት እላለሁ፣ ነገ ትለኛለች። በመጨረሻ ዛሬ እነግራታለሁ አለች።»

ሻጯ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሟች ጓደኛ ናት፤ ጌጦቹን «የእጄ ሥራ ነው» እያለች ባዛር ላይ የምትሸጠው እሷ ነበረች። ምላሷ ድንጋይ ለተራራ ይሸጣል።

«እኔ በስምንት ሰዓት ስወጣ ደህና ነበረች» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ጉትቻዎቹ ቀለም አልነካቸውም፤ ገና ልትጀምር ነበር። ከዚያ እስከ ማታ ባዛር ላይ መቶ ሰው አይቶኛል። ምን ዋጋ አለው፣ እህትዋ በሰዓቷ ብትደርስ ኖሮ...»

«ስለ መሄዷ ነግራሽ ነበር?»

«የት ልትሄድ?» አለች ሻጯ።

መርማሪዋ የሥራ ጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበችና ተጀምረው የቀሩ ሰባት ጥንድ ጌጦችን ደርድራ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ልቦለዱን ይዛ ሄደች። በዚያው ሌሊት ከዳር እስከ ዳር አነበበችው ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሟች እናት የልጃቸው ወንበር ላይ አልቀመጥም ብለው ቆመው ቀሩ።

«እማማ» አለች መርማሪዋ፣ «ልጅዎ ጥንዱን እንዴት ነበር የምትሠራው?»

«እኩል ነዋ! ሁለቱን ትቆርጣለች፣ ሁለቱን ትበሳለች፣ ሁለቱን ትቀባለች። አንዱን ቀድሜ ብጨርስ ሌላው ያለቅሳል ትለኝ ነበር፣ ሞኝ ልጄ።»

«መሳቢያው ውስጥ ያሉት ሰባቱም ጥንዶች እንደዚያው ናቸው። አንዱ ተቀብቶ ሌላው የቀረ የለም። ይህን ዣንጥላ የጨረሰው ሌላ ሰው ነው።»

መርማሪዋ ልቦለዱን ከፈተች።

«እስከ ምዕራፍ አሥር ነጥብ የሌለበት ገጽ የለም። አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ላይ ግን አንድም ነጥብ የለም። እኔ ሰው ናት ወይስ ድንጋይ እየተባልኩ የምታማ ነኝ፤ አሥራ አንድ ላይ አምስት ጊዜ ሳቅሁ። እሷ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ሳትስቅ አላለፈችም።» ወደ ታናሽ እህት ዞረች። «ያለ አንቺ አላነበበችም፣ ልጄ። አልሰለቻትም። ዕልባቱን ያንቀሳቀሰው ሌላ እጅ ነው።»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ታዲያ ከስምንት ሰዓት በኋላ በሕይወት እንደነበረች ማሳየት የሚጠቅመው ማንን ነው? እህትን አይጠቅምም፤ ሦስቱም መጻሕፍት ቤቶች አስታውሰዋታል። እጮኛውን አይጠቅምም፤ የታየው በዘጠኝ ነው። አንቺ ግን በስምንት ወጥተሽ እስከ ማታ መቶ ሰው አይቶሻል። በዘጠኝ ሲንኳኳ ያልመለሰችው ሞታ ስለነበር ነው።»

ሻጯ ለመሳቅ ሞከረች። «እኔ ጉትቻ መሥራት አልችልም እኮ!»

«ለገዢ ሁሉ የእጄ ሥራ ነው ስትይ ኖረሻል። ይህ አንዱ እውነትም የአንቺ ነው። መጥፎ አይደለም።»

ይህን ጊዜ ያ ምላስ ተሳሰረ። ሻጯ ዣንጥላውን እያየች ተናገረች፦

«ሎሚዋን ለፎቶ ብዬ ከአንገቷ ወስጄ አንገቴ ላይ አድርጌያት ነበር። ያኔ ነው እሄዳለሁ ያለችኝ። እኔስ ምን ልሁን አልኳት። ተጣላን፤ ሳሏ ተነሣ። እጇን ዘረጋች... ለአፍታ ላስፈራራት ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። ለአፍታ ብቻ።»

«እጇን ዘርግታልሽ?» አሉ እናት።

ሻጯ እጇን ወደ አንገቷ ወሰደች።

«ከዚያ ሎሚዋን በሩ ጋ ሰቅለሽ፣ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ቀለም ቀባሽ» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር።

ሻጯን ይዘዋት ሲወጡ እናት በቀስታ የልጃቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ያንን መጽሐፍ አምጪው። የት ደርሳችሁ ነበር?»

«አሥር ጨርሰን... አሥራ አንድ ላይ።»

«አንብቢው።»

ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። የልቦለዱ ጀግና አበባ ይዞ እየሮጠ፣ የተሳሳተ በር አንኳኩቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የፍቅረኛውን አያት ሳመ። የእናትዮዋ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይሳቁ ያልቅሱ፣ ሁሉን አውቃለሁ የምለው እኔ እንኳ መለየት አልቻልኩም።

እርሳሱን ተቀብለው በጠርዙ ላይ አንድ ነጥብ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው ከጎኑ ሌላ ጨመሩ።