ጥቁሩን የሚለየው ስክሪን

ይህን ውሸት ነው የሚል ሰው ከአሁኑ ይለፈኝ። ማንንም ላሳምን ብዬ አልጽፍም። የሆነ ነገር ነው።

ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ጎንደር፣ ፒያሳ፣ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ።

ሥራዬ የሰርግ ፎቶ ማስተካከል ነው። ከተማችን ውስጥ ፎቶ አስተካካይ ነኝ ባይ ሞልቷል፤ ግማሹ የሚሠራው ቴሌቪዥንን ስክሪን አድርጎ ነው። ሙሽራዋን ካሮት አስመስሎ ያሳትምና በማተሚያ ቤቱ ላይ ያላክካል። እኔ ግን ስክሪን መምረጥ አውቃለሁ።

ባለሱቁ ሰውአገኝ አንድ ጎበጥ ያለ ስክሪን አወጣልኝ። ሸጋ ነው፣ ልጆቹ ጌም ሲጫወቱበት አይጠግቡትም አለኝ። እኔ ጌም ልጫወት መጣሁ ወይ? ሲያብለጨልጭ ጥሩ የሚመስላቸው እንዲህ ያሉት ናቸው። ጥሩ ስክሪን የሚታወቀው በጨለማው ነው። ጥቁር ልብስን ከጥቁር ግድግዳ ይለያል። ርካሹ ሁሉንም አንድ ጥቁር ያደርገዋል።

ጥጉ ላይ አንድ እውነተኛ የፎቶ ስክሪን አየሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስከፈትኩና ፍላሼን ሰካሁ።

መፈተኛዬ የባለቤቴ የአዜብ ፎቶ ነው። ለመውለድ አምባ ጊዮርጊስ እናቷ ቤት ሄዳለች። ስምንተኛ ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፤ ይህን ካጣን እሷንም አጣለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ፎቶው ላይ እናቷ ቤት፣ መደቡ መሀል ተቀምጣለች። ከኋላዋ ጨለማ ነው። ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም።

በጎባጣው ስክሪን ላይ ብቻዋን ናት።

በጥሩው ላይ ግን...

ጨለማው ውስጥ ሌላ ጨለማ አለ። አንገት አለው። ትከሻ አለው።

ቆሻሻ መስሎኝ ስክሪኑን በእጅጌዬ ጠረግሁት። ፎቶውን አጎላሁት።

እጅ ነው... ሆዷ ላይ አርፏል።

ሰውአገኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይኼ ማነው?"

"የቱ?"

"ከኋላዋ ያለው..."

"ማንም የለም" አልኩት።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ያን የናቅሁትን የጌም ስክሪን ገዝቼ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ፎቶውን ከፈትኩት። ጥቁሩ ጥቁር ብቻ ነው። ተመስገን አልኩ። በሰው ሥራ ስስቅ የኖርኩ ሰውዬ፣ ላለማየት ስክሪን ገዛሁ! ከእኔ ካሮት አታሚዎቹ ይሻላሉ።

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሑድ ካሜራዬን ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። እንደገና አንስቻት ምንም እንደሌለ ማረጋገጥ ነበር ሐሳቤ። ረፋድ ላይ ደረስኩ። እናቷ ከቤተክርስቲያን አልተመለሱም።

አዜብ መደቡ ጫፍ ላይ ናት። ትንሽ ብትገፋ ትወድቃለች።

"ምነው ጫፍ ላይ? ወደ መሀል ግቢ እንጂ" አልኳት።

"ቀስ ብለህ አውራ..." አለችኝ በሹክሹክታ። "ይጠበዋል።"

ላነሳት የደገንኩትን ካሜራ ዝቅ አደረግሁ።

ከጎኗ ማንም የለም። የነጠላዋ አንዱ ጫፍ ግን ከትከሻዋ ተነስቶ፣ አየር ላይ ተወጥሮ፣ ከኋላዋ ወዳለው ጨለማ ቀስ እያለ ይሳባል።

ሌላውን ጫፍ እሷ በሁለት እጇ ሆዷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች።