ምንም ያልተጨመረበት ጠርሙስ

ይህ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ላብራቶሪ ውስጥ።

ጨለማ አሳስቷት ነው እንዳትሉኝ ይህን አስቀደምኩ። የተማርኩት ያየሁትን መለካት ነው። ስለዚህ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ።

የአክስቴ ጥጆች በተቅማጥ እያለቁ ነበር።

ማታ ሲቦርቅ ያመሸው ጥጃ ጠዋት ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ጭራው ረጥቦ ይገኛል። የእንስሳት ጤና ቢሮው ቁርጡን ነግሯታል፦ እስከ ሐሙስ መንስኤው ካልታወቀ ከብቶቹ በሙሉ ተገድለው ይቀበራሉ።

አክስቴ ባሏን ካጣች ወዲህ ከከብቶቿ በቀር ማንም የላትም። እኔንም ያስተማረችኝ በወተታቸው ነው።

ቫይረሱን ለይቼ ማውጣት ነበረብኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላም ኩላሊት የተወሰዱ ሴሎችን በጠርሙስ እናሳድጋለን። የታመመውን ጥጃ እበት በጥብጠንና አጥልለን እንጨምርባቸዋለን። ቫይረስ ካለበት ሴሎቹ ይኮማተራሉ፤ ከጠርሙሱ ወለል እየለቀቁ ይንሳፈፋሉ። በአንዱ ጠርሙስ ላይ ግን ምንም አንጨምርም። ማወዳደሪያ ነው። እሱ ጤነኛ ሆኖ መቆየት አለበት።

ሴሎቹ የሚመገቡት ሴረም ነው... ገና ካልተወለደ ጥጃ ደም የሚወጣ ፈሳሽ።

ከወር በፊት፣ ስንገዛው የነበረው ሴረም አለቀብን። በዚያው ሰሞን ዳልቻ የምንላት የአክስቴ ላም እግሯ ተሰብሮ፣ እንዳረገዘች ታረደች። አክስቴ ማየት አልቻለችም፤ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ከሆዷ የወጣውን ፅንስ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ትንፋሽ አልነበረውም። ዓይኖቹ አልተከፈቱም። መርፌዬን በግራ ጎኑ፣ ልቡ ላይ ሰክቼ ደሙን ቀዳሁ።

ከዚያም ቀበርኩት።

በበረቱ ሞት የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጠርሙሶቹን በማይክሮስኮፕ አየሁ። የታመሙት ጥጆች እበት የተጨመረባቸው ሴሎች በሙሉ ሞተዋል።

ማወዳደሪያውም... ሞቷል።

«ጋሼ» አልኳቸው አለቃዬን፤ «ምንም ያልጨመርኩበት ሞተ።»

«የኔ ጎበዝ፣ እጅሽን ታጠቢ። ሳሙና ቢወደድም እንገዛልሻለን።»

ጎንበስ ብለው አዩ። ሳቃቸው ጠፋ።

«ሴረሙን ፈትሸሽው ነበር?»

አልፈተሽኩትም። በገዛ እጄ ያዘጋጀሁትን ማን ይጠረጥራል?

ፈተሽነው። ቫይረሱ እዚያው ነበር። ከጥጆቹ ያገኘነውም ያው ራሱ።

አለቃዬ ውጤቱን ለቢሮው ከላኩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በማህፀን ሳለ የተያዘ ጥጃ፣ በሕይወት ከተወለደ፣ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ሰውነቱ ቫይረሱን እንደ ራሱ አካል ይቀበለዋል። ሌሎቹን ግን ዕድሜ ልኩን ሲበክል ይኖራል። ሂጂና ያልታመመውን ፈልጊ።»

«የዳልቻው እኮ አልተወለደም።»

«እንግዲያው ሌላ ይኖራል።»

እኩለ ቀን ላይ በረቱ ደረስኩ።

«መጣች የእበት ዶክተሯ!» አለች አክስቴ። ዓይኖቿ ግን በለቅሶ አብጠዋል።

«እትዬ፣ ያልታመመ ጥጃ አለ?»

«አንድ። እሱንማ ዓይኔን ቢያወጡኝ አልሰጥሽም።»

ጥግ ላይ ቆሟል። ግራጫ ነው።

ዝንብ በረቱን ወርሮታል። እሱ ላይ ግን አንዲትም አላረፈች።

እግሩ ሥር የተኛውን የታመመ ጥጃ አፍንጫ ይልሳል... በዝግታ... ሳያቋርጥ።

«የማን ልጅ ነው?»

ሳቀች። «ደግሞ ትቀልጃለሽ! የዳልቻ ነዋ! አንቺው አይደለሽ ከሆዷ በሕይወት አውጥተሽ፣ ድምፅሽን አጥፍተሽ በረት ውስጥ ትተሽልኝ የሄድሽው? ጠዋት ስገባ ቆሞ ጠበቀኝ። አፍሬ ነው እንጂ ጉልበትሽን ልስም ነበር።»



ቀረብኩት። በግራ ጎኑ ፀጉር ያልበቀለባት ነጥብ አለች...

የመርፌ ጫፍ ታህላለች።

መዳፌን አሳረፍኩባት። ከሥሯ የሚመታ ነገር አልነበረም።

«እትዬ» አልኩ በሹክሹክታ፤ «ከሌሎቹ ለዪው። አሁኑኑ።»

«ብቻውን? ሲጮህ ሊያድር ነው?»

«ሲጮህ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

ዞራ ጥጃውን አየችው። 

«እንዲያውም...» አለች፤ «አንድ ቀን እንኳ ሰምቼው አላውቅም።»

ከኋላ ወዳለችው ጎጆ ወስዳ አሰረችው። እኔ ወደ ላብራቶሪው ተመለስኩ። የቀረውን ሴረም ከመድፋቴ በፊት አንድ ጊዜ ደግሜ ልፈትሸው ብዬ፣ ጠርሙሱን እንዲሞቅ ሴሎቹ በሚያድጉበት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ከብቶቹን ተዉልን! ውጤትሽ ደርሷቸው ተዉልን! ጥጆቹም ተነሡ፤ ትንሹ እንኳ ጠባ!» ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

እፎይ አልኩ።

«ግራጫው ግን...» አለች።

«ምን ሆነ?»

«የለም። ገመዱ ቋጠሮው ሳይፈታ ወድቋል።»

«የጎጆዋ በርስ?»

«ራሴ እንደቆለፍኩት ነው።»

ከኋላዬ ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ ጠርሙሶች ተጋጩ።

ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ሳጥኑ ሁለት በር አለው፤ የውጪው ብረት፣ የውስጡ መስታወት። የብረቱን ከፈትኩ።

የሴረሙ ጠርሙስ ክዳኑ እንደተዘጋ ባዶ ሆኗል።

በመስታወቱ ላይ ረጅም፣ ሰፊ የምላስ ዱካ ከታች ወደ ላይ ተስቧል። በእጅጌዬ ጠረግኩት። አልለቀቀም።

የታተመው ከውስጥ በኩል ነበር።

ከዱካው አጠገብም የትንፋሽ ጉም... ሰፋ... ጠበበ... ሰፋ...