የጎደለው አራተኛ ትኬት

ዲሊያ ሆብስ ትባላለች። ዕድሜዋ አስር ዓመት ነው። ቤቷ እዚሁ ሜከን ከተማ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። አባቷ ሃርላን የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳል። እናቷ ቨርና ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ ቅዳሜም ሥራ ትገባለች። ወንድሟ ኦቲስ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ስለ ኦቲስ ብዙ አልነግራችሁም፤ እሱ ራሱ ስለ ራሱ ሲያወራ ይውላል።

እኔ የዲሊያ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ልጆቹ ሚስ ኦዴሳ ይሉኛል። ይህን ታሪክ ለእናንተ እንድነግር ዲሊያን አስፈቅጃታለሁ። «ስሜንም አይደብቁት» ብላኛለች። እኔም አልደበቅኩትም።

የነዲሊያ ቤተሰብ ፍሎሪዳ ወዳለው ትልቁ የመዝናኛ ፓርክ ለመሄድ ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ አጠራቅሟል። በመኪና ስድስት ሰዓት ቢያስኬድ ነው። መንገዱስ ቅርብ ነው፤ የራቀው ዋጋው ነው። እነሱ ሲያጠራቅሙ እሱ ይጨምራል። ደረስንበት ሲሉ አንድ እርምጃ ይቀድማቸዋል።

በዚህ ዓመት በጸደይ ወራት አንድ ቀን እራት ላይ አባቷ ስልኩን እያየ ተነፈሰ።

«ዘንድሮም ጨምሯል» አለ። «ያለን ገንዘብ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ለአራት አይበቃም። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ እንደገና ይጨምራል አሉ።»

«እና አንሄድም?» አለች ዲሊያ።

«ትሄዳላችሁ እንጂ። እናንተ ትገባላችሁ፤ እኔ መኪናው ውስጥ እጠብቃችኋለሁ። ደግሞ እንቅልፍ አለብኝ።»

ኦቲስ ማኘኩን አቆመ። «አባዬ፣ የመኪና ማቆሚያውም እኮ ያስከፍላል» አለ።

እናቱ ሳቀች። ዲሊያ ግን አልሳቀችም። አባቷ የትምህርት ቤት ልጆችን ይዞ እዚያ ፓርክ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዷል። ሁለቱንም ጊዜ ልጆቹን አውርዶ፣ ቀኑን ሙሉ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማታ ጭኗቸው ተመልሷል። በልጅነቱም የሚወስደው ሰው አልነበረም። ዲሊያ ይህን ሁሉ ታውቃለች።

«አራት ካልሆንን አንሄድም» አለች። «ያንተን ትኬት እኔ አመጣዋለሁ።»

ዲሊያ አመጣለሁ ካለች ታመጣለች። ግትር ናት። አስተማሪዋ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

በማግስቱ እናቷን አስፈቅዳ ትልቁን ድስት ወሰደች። ኦቾሎኒውን ከነቅርፊቱ አጠበች፤ በብዙ ጨው ቀቀለችው። ቅዳሜ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ቅቅሉን በወረቀት ከረጢት መሸጥ ጀመረች። አባቷ እዚያው ሠፈር የጎረቤት ሣር ያጭዳል። ኦቲስ አጠገቧ ተቀምጦ የሚሸጠውን ይበላል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የተሸጠው ስድስት ከረጢት ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሌላ ልብሷ ሁሉ እጥበት ላይ ስለነበር ቢጫ ካናቴራዋን ለበሰች። ቢጫዋ ካናቴራ የቤተ ክርስቲያናችን የበጋ ካምፕ ካናቴራ ናት፤ ካምፑ ትምህርት ሲዘጋ ልጆች ከከተማ ወጥተው የሚሰነብቱበት ነው። የእኛ ልጆች በየዓመቱ በጸደይ እሷን ለብሰው ቅቅል ኦቾሎኒ ይሸጣሉ። በሚገኘው ገንዘብ የካምፑን ክፍያ መክፈል የማይችሉ ልጆች ይላኩበታል። ይህን የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም።

ሚስተር ቶሊቨር መኪናቸውን አቆሙ። ሚስተር ቶሊቨር ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ናቸው።

«የኔ ቆንጆ፣ ለካምፑ ነው አይደል?» አሉ።

ዲሊያ አፏን ከፈተች። አይደለም ልትል ነበር። ሚስተር ቶሊቨር ግን ሃያ ዶላር ዘርግተዋል።

«አንድ ከረጢት ስጪኝ። መልሱን ያዢው። ጎሽ!»

ዲሊያ አፏን ዘጋች። ሚስተር ቶሊቨር ሄዱ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዲሊያ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ዝም ብቻ ነው ያለችው። ዝም ብላችሁ ዋሽታችሁ አታውቁም? እኔ አውቃለሁ፤ ያውም ከዲሊያ በዕድሜ በልጬ።

ኦቲስ ግን አላለፋትም። «ለአባዬ ትኬት ነው አላልሽም ነበር?»

«ዝም በልና ኦቾሎኒህን ብላ።»

ኦቲስም በላ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልብሷ ሁሉ ታጥቦ ተተኩሷል። ዲሊያ ግን ቢጫዋን መርጣ ለበሰች። ገበያው ደራ። በአራተኛው ቅዳሜ አንዲት ሴትዮ «የካምፑ ነው?» ብለው ሲጠይቋት ዝም አላለችም። «አዎ» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። በአምስተኛው ቅዳሜ ግን «አዎ፣ የካምፑ ነው!» ስትል ድምፅዋ ምንም አልሆነም። ውሸት እንዲህ ነው፤ ይለመዳል።

በስድስተኛው ቅዳሜ አባቷ የጎረቤት ሣር ወደሚያጭድበት ሄደች።

«አባዬ፣ ሞልቷል። ያንተ ትኬት ሞልቷል።»

ሃርላን ሆብስ ረጅም ሰው ነው። ብዙ አይናገርም። የሣር ማጨጃውን አጠፋና ቆመ።

«ለኔ ብለሽ?» አለ። ከዚያ ፊቱን አዞረ፤ እያለቀሰ መሆኑን ዲሊያ አወቀች። «በቃ፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አራቱንም እንገዛለን።»

ዲሊያ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። ምክንያቱን ራሷም አላወቀችውም።

እኔስ በእነዚያ ቅዳሜዎች የት ነበርኩ? ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ከዊኒ ጋር ኦቾሎኒ እሸጥ ነበር። ዊኒ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን የምታሳድጋት እናቷ ናት። የካምፑን ክፍያ ለመክፈል አቅም የላቸውም። ዊኒ ግን ካምፑን ስለምትወደው ሻንጣዋን ከወር በፊት አዘጋጅታለች። የኛ ኦቾሎኒ አልተሸጠም። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ያልፈናል።

«ሚስ ኦዴሳ፣ እኛ እኮ ከታች ካለችው ባለ ቢጫ ልጅ ገዝተናል» ይሉናል። «በየሳምንቱ ሰጥተናል።»

ገባኝ። ተናደድኩም። ወዲያው ሄጄ ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ስናደድ ምላሴ መጥፎ ነው፤ ስለዚህ ታገስኩ።

እሑድ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንዲህ አልኩ። የማንንም ዓይን አላየሁም።

«ልጆች፣ ዘንድሮ የካምፑ ገንዘብ ጎድሏል። አምና ሰባት ልጆች ልከናል፤ ዘንድሮ ከአራት በላይ መላክ አንችልም። ዊኒ፣ አዝናለሁ የኔ ልጅ፣ አንቺ ትቀሪያለሽ።»

ዊኒ ጫማዋን አየች።

«ግድ የለም» አለች። «እዚያ ትንኝ ይበዛል። ደግሞ ይሞቃል።»

ዲሊያ ቀና አለች። ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። የአባቷ አነጋገር ነው። ሰው የሚፈልገውን ሲያጣ፣ ሌሎች እንዳያዝኑለት ብሎ እንደማይፈልገው ያስመስላል። ለአባቷ ትኬት ለማምጣት ብላ ዊኒን ውጭ አስቀርታታለች።

ትምህርቱ አልቆ ወደ አምልኮው ስንሄድ አባቷ ኮሪደሩ ላይ ስልኩን ይዞ ቆሞ ነበር። «እንደወጣን ልገዛ ነው» አላት።

«አባዬ፣ አትግዛ።»

«ምነው?»

ሁሉንም ነገረችው። ስለ ካናቴራዋ፣ ስለ ዝምታዋ፣ ስለ «አዎ»። አባቷ አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው?» ብቻ አላት።

«መናገር አለብኝ። ለሁሉም።»

«አብሬሽ ልቁም?»

«አይ። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

በአምልኮው መጨረሻ ላይ ምስክርነት ያለው ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከሕመማቸው የተፈወሱ አዛውንቶች ናቸው። ያን ቀን የተነሳችው ዲሊያ ነበረች። አባቷ ከመኪናው ያመጣላትን፣ የኦቾሎኒው ገንዘብ የተጠራቀመበትን ቆርቆሮ ታቅፋ ወደ ፊት ወጣች። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አየኋት፤ መሃል ላይ አንዴ ቆመች። ግን አልተመለሰችም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከኔ ኦቾሎኒ ገዝታችኋል» አለች። «ለካምፑ ነው ብያችኋለሁ። ዋሽቻችሁ ነው። ለአባቴ የፓርክ ትኬት ነበር። በኔ ምክንያት ዊኒ ካምፕ ልትቀር ነው። ገንዘቡ ይኸው፤ ለካምፑ ይሁን። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሚስተር ቶሊቨር ከሁለተኛው ረድፍ ተነሡ።

«ኦቾሎኒውን በልተናል እኮ። የኦቾሎኒው ዋጋ የራስሽ ነው» አሉ።

«የትኛው የኔ፣ የትኛው የካምፑ እንደሆነ መለየት አልችልም፣ ሚስተር ቶሊቨር። ሁሉንም ይውሰዱልኝ።»

ቆርቆሮውን መሠዊያው ፊት አስቀምጣ ቀጥ ብላ ወደ ዊኒ ሄደች። «ዊኒ፣ ይቅርታ» አለቻት።

«እኔም ዋሽቻለሁ» አለች ዊኒ። «ትንኙ ምንም አይመስለኝም። መሄድ በጣም ነበር የምፈልገው።»

ዊኒ ካምፕ ሄደች። ከሷ ጋር ሊቀሩ የነበሩት ሌሎቹ ሁለት ልጆችም ሄዱ።

ትምህርት ተዘጋ፤ እንደተባለውም የፓርኩ ዋጋ ጨመረ። እነዲሊያ አልሄዱም። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ትኬት ይዞ መጥቶ አንኳኳ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ፣ ማንም አላንኳኳም። ዲሊያ አንድ ከሰዓት ሙሉ አልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱንም አልደብቃችሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ ዲሊያ ኦቾሎኒ ስታጥብ አገኛት። ተራ ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች። ጠረጴዛው ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ካርቶን አለ፤ «ለአባቴ የፓርክ ትኬት» ይላል።

«ዋጋው ጨምሯል እኮ» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

«ለሚቀጥለው ዓመትም መጨመሩ አይቀርም።»

«ይጨምር» አለች ዲሊያ። «እኔም ሌላ ድስት እጥዳለሁ።»

አባቷ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለተኛውን ድስት ከመደርደሪያው አወረደ።

ልጆቼ፣ ለምትወዱት ሰው ብላችሁም ቢሆን አትዋሹ፤ በውሸት የምታገኙት ነገር ከሌላ ሰው ድርሻ ላይ የተወሰደ ነውና፣ ቢዘገይባችሁም የምትፈልጉትን በእውነት ሠርታችሁ አግኙ።