የበረንዳው ወንበር

የቀርከሃውን ወንበር ገልብጣ የኋላ እግሩን በጣቷ ቆርቆር ስታደርገው፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር መዳፏ ላይ ፈሰሰ።

«ነቀዝ በልቶታል» አለች።

ቅጥነቷን አይተው ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም «ጭራሮ» ይሏታል። እጇ ግን ወርቅ ነው። ባለፈው ሳምንት የራሷን የማጥኛ ወንበር በሳሙና ውሃ አጥባ ጥላ ላይ ካደረቀች በኋላ፣ የላሉትን መገጣጠሚያዎች፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ባለሰለሰችው የቆዳ ጠፍር አንድ በአንድ ጠፈረቻቸው። ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ ቀርከሃውን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ይሄኛው ግን ክረምቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ዝናብ ሲጠግብ የከረመ ነው። እግሩ ካልተቀየረ ጠፍር አያድነውም።

«ቫርኒሽ ቀቢውና ይውጣልን» አለች አክስቷ በሩ ላይ ቆማ። «ታች ላለችው ልብስ ሰፊ ቃል ገብቼላታለሁ። ነገ ትወስደዋለች።»

«አክስቴ፣ ሰው ይጥላል እኮ።»

«አታካብጂ። በነፃ ነው፤ ምን አነሳት?»

የጭራሮ ደም ፈላ። ልብስ ሰፊዋ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽናቸው ሥር አይነሱም። በነፃ ያገኘ ሰው አጥንት የለውም? ሲወድቅ አይሰበርም?

«ለራስሽ እንግዳ ቢሆን ይሄን ታቀርቢለት ነበር?»

«አፍሽን ያዢ!» አክስቷ የቫርኒሹን ብሩሽ አንስታ ራሷ ቀባችው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ወገባቸውን ደገፍ አድርገው መጡ። ወንበሩ ያብለጨልጫል።

«ሙሽራ መስሏል እኮ! ተባረኪ እህቴ» አሉና ሊቀመጡበት ዞር አሉ።

«እትዬ፣ እሱ ላይ አይቀመጡ» አለች ጭራሮ። «እግሩ ውስጡ ተበልቷል።»

የአክስቷ ፊት ቲማቲም መሰለ። ልብስ ሰፊዋ አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ አክስትየዋን አዩና «እንግዲያው ይቅር» ብለው ወደ በሩ አመሩ። አልተቆጡም፤ እንዲህ ያለው ነገር ለእሳቸው አዲስ አይደለም። ጭራሮን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይሄ ነው።

«ቆይ እትዬ» ብላ ክፍሏ ገባችና የማጥኛ ወንበሯን ተሸክማ ወጣች። «ይሄ የኔ ነው። ራሴ ነኝ የጠፈርኩት። እስቲ ይሞክሩት።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጥ አላለም።

«የሚመጣው ሳምንት ፈተና ነው» አለች አክስቷ ጥርሷን ነክሳ። «ምን ላይ ተቀምጠሽ ልታጠኚ ነው?»

ጭራሮ የማጥኛ ወንበሯን ተሸክማ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ደረጃውን ወረደች። ስትመለስ መጋዝ ይዛ በረንዳው ላይ ተንበረከከች።

«ያን ሁሉ ቫርኒሽ ጨርሼበት» እያለች አክስቷ ከውስጥ ስታጉረመርም ይሰማታል።

አዲስ እግር የሚሆን ቀርከሃ ከየት እንደምታመጣ ገና አላወቀችም። የሚያብለጨልጨውን እግር ከሥሩ መቁረጥ ጀመረች።