በኖራ የተሸፈነ ስም

ውይይት ታክሲው የሀና ማርያምን ቤተክርስቲያን ሲያልፍ ክብረት አማተበ።

ሳያስበው ነበር።

ፊት ለፊቱ የተደረደሩት ተሳፋሪዎች አዩት። የላፍቶ ሰዎች የሚያውቁት ደገፋ በሚል ስም፣ ከወላይታ የመጣ ጴንጤ ቀለም ቀቢ አድርገው ነው። የሚቀባው ቤት ፎርማን ጴንጤ ካልሆነ አይቀጥርም፤ ሌላው ይጠጣል ባይ ነው።

«ወንድም ደገፋ፣ ጴንጤ ማማተብ ጀመረ እንዴ?» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በሹክሹክታ።

የሰውዬው የሚስጥር ስም አናጢው ነው። ክብረትን ውጭ አገር ከሚማርበት አንስቶ ወደዚህ የላከው የህቡዕ ድርጅት የከተማ አለቃ ነው።

ክብረት የቀለም ቆርቆሮውን በእግሩ ገፋለት። ውስጡ የፎቶ ፊልም አለ።

ታጋዮቹ ከተማዋን ከያዙ ወዲህ ክብረት በሚቀባው የላፍቶ ቤት የማይከራከር የለም። ወጋየሁ የተባለ ሰው ልጆች አባታችን ከጣሊያን የገዛው ነው ይላሉ። ደርግ ወርሶት ነበር፤ የያኔዎቹ ጠባቂዎች የእህል መጋዘን ነበር ብለው ይምላሉ። ታጋዮቹ ደግሞ ቢሮ ሊያደርጉት እያስጠገኑት ነው። የጓሮ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ግን በደርግ ጊዜ እዚያ የታሰሩ ሰዎች ስማቸውን በምስማር ጭረዋል። ተወስዶ ካልተመለሰው ሰው ስም ጎን የቀሩት መስቀል አድርገዋል።

ክብረት ፎቶ አነሳው። ከዚያ ቀለም ቀቢ ነውና በገዛ እጁ ኖራ ቀባው።

«መቼ ይታተማል?» አለ ክብረት።

«አይታተምም። ከታጋዮቹ ጋር ተስማምተናል። የቤቱ ግማሽ የእኛ ቢሮ ይሆናል።»

ክብረት ፊልሙን መልሶ ሊያወጣ ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ አለ።

«ተው። ኬላ ደርሰናል። ስታማትብ ታክሲው ሙሉ ሰው አይቶሃል። ለታጋዮቹ አንዲት ቃል ልጨምርበት?» አለ አናጢው።

ታክሲው ቆመ። አንድ ታጋይ በኋላው በር አንገቱን አስገባ።

ክብረት እጁን ሰበሰበ።

ለቡ ሲወርዱ አናጢው ፊልሙን መዝዞ ለፀሐይ ሰጠው። «የታዘዝከውን ፈጽመሃል። ከአሁን በኋላ አላውቅህም።»

ክብረት ወደ ላፍቶ በእግሩ ተመለሰ። የቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ፅጌረዳ ደረጃውን እየወለወለች ነበር። ድሮ ለወንድሟ ስንቅ እዚህ በር ድረስ ታመላልስ ነበር፤ አንድ ቀን እንዲህ የሚባል ሰው የለም ብለው መለሷት። ለክብረት የክፍሉን ቁልፍ የሰጠችው እሷ ናት። ራሷ ግን አልገባችም። ፈርታ፣ ፎቶውን አያለሁ ብላ።

«ፎቶው ታጠበ፣ ወንድሜ?»

«ተበላሽቷል።»

መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ በሽማግሌዎች ነው። እሱ ብቻውን ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ።

«የወንድምሽን ስም ግን አንብቤዋለሁ። ማኑሄ ይላል። መስቀልም አለበት።»

«የቱ ጋ?»

ወስዶ አሳያት። ነጭ ግድግዳ። መዳፏን አሳረፈችበት፤ ኖራው አልደረቀም ነበር፣ ከእጇ ጋር መጣ።

ታጋዮቹ ግቢው ውስጥ ስለነበሩ አልጮኸችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ወደ ውልወላዋ ተመለሰች።

ክብረት ብሩሹን ትቶ ወጣ።

የተሳፈረበት ታክሲ ሀና ማርያምን ሲያልፍ ተሳፋሪዎቹ አማተቡ። የእሱ እጅ ጭኑ ላይ ቀረ። ማንም አላየውም።